የ400 ዶላር ዝምታ

የእህቴ ልጅ፣ ለፋሲካ ከሜሪላንድ ለሚመጣው ታላቅ ወንድሜ የጻፈውን የሄድፎን ትእዛዝ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢነግሩልኝ እምቢ አይሉም» ብሎ ላከልኝ። ድሮ ከአሜሪካ ለሚመጣ ዘመድ የሚሰጥ ትእዛዝ ከአንድ መስመር አይዘልም ነበር፤ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የጫማ ቁጥር፣ አዛዡ ደፈር ያለ ከሆነ ሽቶ። ይህኛው ግን የለየለት የጨረታ ሰነድ ነው። ሄድፎኑ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ የውጭውን ድምፅ የሚያፍን፣ ሲፈለግ ደግሞ የውጭውን ድምፅ መልሶ የሚያስገባ፣ ክብደቱ ከ250 ግራም የማይበልጥ፣ አንዴ ተሞልቶ 30 ሰዓት የሚሠራ፣ የሚታጠፍ፣ ከመነጽር ጋር የማይጣላ፣ የድምፁ ጥራት የማያሳፍር፣ ቀለሙም ጥቁር፣ ጥቁር ከጠፋ ብርማ ይሁን ይላል።

ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ መስፈርት ነው። ከዘጠኙ ስለ ድምፅ ጥራት የሚያወራው አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ስምንተኛ ላይ ተቀምጧል። ከቀለም የቀደመው ለጥቂት ነው።

«ምን ልታዳምጥበት ነው?» አልኩት ደውዬ።

«ምንም። ሥራ ላይ ነው የማደርገው።»

ምንም! ሰው 400 ዶላር ገደማ ከፍሎ ምንም ላለመስማት! ባልፈርድበት ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እፈርድበታለሁ።

ስለ ክብደቱ እንኳ እውነቱን ነው። አፕል በ2020 በ549 ዶላር ገበያ ላይ ያዋለው ሄድፎን 385 ግራም ያህል ይመዝናል (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ይህን ያህል ተከፍሎበት ማጥፊያ ቁልፍ እንኳ የለውም። ስለ መታጠፉም አልከራከረውም። ሶኒ በ2022 ያወጣውን ሞዴል እንዳይታጠፍ አድርጎ ሠራው፤ ገዢው አጉረመረመ፤ የ2025ቱ እንደገና ታጠፈ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ሁሉ መሐንዲስ የቀረበው አቤቱታ ስለ ማጠፊያ ነበር ማለት ነው። ስለ ዜማ የጮኸ ካለ ለእኔ አልደረሰኝም።

የሚገርመኝ የሁለተኛውና የሦስተኛው መስፈርት ጎን ለጎን መቀመጥ ነው። መሣሪያው በትንንሽ ማይክሮፎኖች የውጭውን ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ የዚያኑ ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ፈጥሮ ሁለቱን ያጣፋቸዋል። ሐሳቡ የቦዝ ኩባንያ መሥራች ለሆነው ለአማር ቦዝ የመጣለት በ1978 ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲበር፣ የሞተሩ ጩኸት የተሰጠውን ማዳመጫ ከንቱ ሲያደርግበት ነው። አውሮፕላን ላይ የተወለደ ነገር ስለሆነ እንደ ሞተር ዝቅ ብሎ ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ድምፅ በደንብ ይውጠዋል። ጄኔሬተር ይውጣል፤ የወፍጮ ቤት ጉርምርምታም ይውጣል። የሰው ድምፅ ላይ ሲደርስ ግን ይደክማል። «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! ሁለት ሰው የቀረው!» የሚለውን የታክሲ ረዳት ጨርሶ የሚያስቀር መሣሪያ ገና አላየሁም። እሺ፣ ይህም ይሁን። ባለቤቱ ግን ይህን ሁሉ ከፍሎ ያሳፈነውን ዓለም፣ አንዲት ቁልፍ ተጭኖ በእነዚያው ማይክሮፎኖች መልሶ ያስገባዋል። በነፃ የተሰጡት ሁለት ጆሮዎች ምን አጥፍተው ነው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላል ያገሬ ሰው። ከተረትና ምሳሌዎቻችን ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ያንተን ጉድ ሰፈሩ ሁሉ ጠዋት ሰምቶ፣ ከሰዓት ተከራክሮበት፣ ማታ ፍርድ ሰጥቶበት ያድርና ለአንተ የሚደርስህ በሦስተኛው ቀን፣ ያውም ተለዝቦ ነው። ጆሮህ ሌላውን ሁሉ እየሰማ የአንተን ብቻ ይደብቅሃል። አበው ይህን የተናገሩት ባትሪ ከመፈልሰፉ በፊት መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ግን ተረቱ ራሱ አደጋ ላይ ወድቋል። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ትልቅ ሄድፎን ደፍቶ የሚውል ባልደረባ ነበረን። ጆሮው የተከደነ ነው ብለን እፊቱ ቆመን ስለ እርሱ እናወራ ነበር፤ ስለ ዝውውሩ፣ ስለ ጋብቻው፣ ስለ ሸሚዙ አንገት ሳይቀር። ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲለቅ በመሸኛው ግብዣ ላይ ተነሣና ምስጋና አቀረበ። እያንዳንዳችንን በስማችን እየጠራ፣ የተናገርነውን በተናገርንበት ቃል እየጠቀሰ አመሰገነን። ለካ ያ ሰውዬ ምንም ከፍቶ አያውቅም! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ሐሜታችን አይደለም፤ ሐሜት የባልደረቦች ወግ ነው። የሚያንገበግበኝ አታላይነቱ ነው። ሰው ጆሮውን ከደፈነ አይሰማም ብሎ ማመን መብታችን አልነበረም?

የዚህ ሁሉ መነሻ የሆኑት ሰዎች እኮ ያፍሩ ነበር። ሶኒ ዎክማን የተባለውን ተንቀሳቃሽ የካሴት ማጫወቻ በ1979 ሲያወጣ፣ ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ አኪዮ ሞሪታ አንድ ሰው ብቻውን ሙዚቃ መስማቱ ነውር መስሎ ታየው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን የማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር፤ ለአንተና ለጓደኛህ። ብርቱካንማ ቁልፍም ነበረው፤ ስትጫነው ሙዚቃው ዝቅ ይልና በማይክሮፎን የጓደኛህን ድምፅ ትሰማለህ። ይህን ሳነብ ጃፓናዊው የእኛ ሰፈር ሰው መሰለኝ። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የሚል አያት ያሳደገው ሰው ካልሆነ በቀር ሁለተኛ ቀዳዳ ትዝ አይለውም።

ሁለተኛ ቀዳዳ ካልኩ ዘንድ አንድ የክፍል ጓደኛዬን ሳላነሣ አላልፍም። በደርግ ጊዜ ነው። አጎቱ ከጅቡቲ ባለ ሁለት መሰኪያ ቴፕ አምጥቶለት በጠቅላላው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ብቸኛው ባለ ማዳመጫ ሆነ። ይህ ልጅ ምን አደረገ? ሁለተኛውን መሰኪያ በማስቲካ ደፈነው። ከደፈነው በኋላ አንዷን ማዳመጫ በአንድ ዘፈን 25 ሳንቲም ያከራይ ጀመር። መከራየቱን ተከራየሁ፤ ግን የመጨረሻው አዝማች ላይ ሲደርስ ጠቅ አድርጎ ያጠፋውና «ባትሪ ይጨርሳል» ይለኛል። ዛሬ የተከበረ ሰው ሆኗል። ለቅሶ ቤት ስንገናኝ አቅፎ ይስመኛል፤ እኔም እስመዋለሁ፤ አዝማቿን ግን አልተውኩለትም። ሞሪታ ይህን ልጅ ቢያውቅ ኖሮ ቀዳዳውን በብረት ያስከፍተው ነበር።

ዛሬ ሁለተኛ መሰኪያ ጠፍቷል፤ አብዛኛው ሄድፎን በብሉቱዝ ስለሚሠራ አንደኛውም እየጠፋ ነው። ሀፍረቱም አብሮ ሄደ። ድሮ ሰው ሲጠሩት ካልሰማ ይታዘንለት ነበር፤ ጠበል ይወሰዳል፣ ሐኪም ያየዋል። አሁን ሲጠሩት አለመስማት ተከፍሎበት የሚገኝ ማዕረግ ሆኗል። «እንደምን አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው» ብለህ ግማሽ ላይ ስትደርስ አንደኛውን ጆሮ ገለጥ አድርጎ «አቤት?» ይልሃል። ከመጀመሪያው ልጀምርለት? ቤተሰቡ ደህና መሆኑን ስንት ጊዜ ልጠይቀው?

እውነት እንነጋገር ከተባለ ግን እኔን የሚያቃጥለኝ ሄድፎን ያለው ሰው አይደለም፤ የሌለው ነው። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘህ፣ ከኋላህ የቆመው ሰውዬ ስልኩን እንደ መስተዋት ፊቱ ላይ ደቅኖ ስብከት፣ ከስብከት ወደ ቀልድ፣ ከቀልድ ወደ እግር ኳስ እየዘለለ ያስደምጥሃል። የሚስቱን የድምፅ መልእክት ሁሉ ሳይቀር። ሽንኩርት መወደዱን፣ እናቷ ቅዳሜ እንደምትመጣ፣ እርሱ እናቷን እንደማይወድ ወረፋው ሁሉ አወቀ። ይህ ሰው ማንንም አያፍርም፤ ጥበቃውም ምንም አይለውም። ማዳመጫ የሚያስፈልገው ሰው የለውም፤ ያለው ሰው ምንም አያዳምጥበትም። መንግሥት የሚያከፋፍለው ነገር ካጣ ይህንን ያስተካክል።

የድምፅ ጥራቱ ነገርማ ከተነሣ ቁጥሩ ጉድ ነው። የሰው ጆሮ፣ ያውም የጤነኛ ወጣት ጆሮ፣ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚቆጠር የድምፅ ንዝረት) ነው፤ የላይኛው ወሰን ደግሞ ከዕድሜ ጋር ቁልቁል ይወርዳል። በውድ ሄድፎኖች መግለጫ ላይ ግን ከ4 እስከ 40,000 የሚል ይነበባል። ትርፉን ለሌሊት ወፍ ነው የምንከፍለው። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት 283 ማዳመጫዎችን ለክቶ የድምፅ አሰጣጣቸው ከዋጋቸው ጋር ዝምድና እንደሌለው አሳይቷል። ገዢው ይህን አንብቦ ምን አለ? ምንም። ሲጀመር የከፈለው ለድምፁ አልነበረማ።

ለድምፁ የሚከፍል አንድ ጓደኛ አለኝ፤ የእርሱም ነገር የባሰ ነው። አዲሱን ሄድፎኑን በዐቢይ ጾም በበገና መረቀው። በማግሥቱ ሻጩ ዘንድ ሄዶ «ይነዝራል፣ ቀይሩልኝ» አለ። ሻጩ ሌላ አመጣለት፤ ያም ነዘረ። ሦስተኛም ነዘረ። በገና እኮ አሥር አውታር ያለው፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት ላይ እንዚራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ የሚገባበት መሣሪያ ነው፤ ቆዳው የሚገባውም እንዲነዝር ነው። ይህን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ንጹሕ ድምፅ ተብሎ ነው የተሸጠልኝ።» በገናውን ያስጠግነው እንግዲህ።

ወደ ትእዛዙ ልመለስ፤ ወንድሜ ሻንጣ እየዘጋ ነው። ልጁ የሚፈልገው ሲጠሩት አቤት ላለማለት ጨዋ ምክንያት ከሆነ፣ ለዚህ ውቅያኖስ መሻገር ምን አስፈለገ ብዬ መርካቶ ወረድኩ። የአፕሉን መልክ ቁርጥ አድርገው የሠሩት አለ፤ ብርማም አለ፤ ጥቁርም አለ። ሻጩ ወጣት ራሱ አንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል።

«ድምፅ ያፍናል?»

«አባባ፣ ዋናው ሰው እንደሚያፍን ማሰቡ ነው።»

«ያንተስ ይሠራል?»

«ባትሪው ከሞተ ቆየ።»

ዋጋውን ነገረኝ። ግማሹን ጠራሁለት። ሁለቱንም ጆሮዎቹን በማዳመጫው ከድኖ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።