ዘፈኑን አስጨርሱን እንጂ!

ባለፈው የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ዲጄው ጥላሁን ገሠሠን ከፈተ። አዳራሹ ግልብጥ ብሎ ተነሳ። ኮረዳውም ሽማግሌውም ግጥሙን በቃሉ ይዞታል። ገና ሁለተኛው አዝማች ላይ ሳንደርስ ቆረጠውና ሌላ ለቀቀ። እንዴት አንጀቴ እንዳረረ!

የጆሮ ጣዕም ይለወጣል፣ እሺ። ክራርና ማሲንቆ የለመደ ሰው የክብር ዘበኛ ባንድን ትራምፔትና ሳክስፎን ለመደ። ኋላ ኪቦርድ መጣ፣ እሱንም ወደደ። አዲስ ነገር አልጠላም። እኔን የሚያበግነኝ ግጥሙ ነው። አሁን የሚወጣው አብዛኛው ዘፈን ለአጭር ቪዲዮ የምትሆን አንዲት ሐረግ ይዞ እሷኑ ይደጋግማል። ሐረጓ ስትሰለች ምን ይቀራል? በወሩ ማን ያስታውሰዋል?

የማህሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 አውሮፓ ውስጥ እንደገና ሲታተም አማርኛ የማይሰሙ ሰዎች ወደዱት። ዜማው ታስቦበታል። ባንዱ አብሮ ሲተነፍስ ይሰማሃል። ዛሬ ከበሮውም ቤዙም ከኮምፒውተር ይወጣል፤ ያም ሆኖ ግጥሙና ዜማው ቢለፋበት አይከፋኝም ነበር። ገጣሚው ጊዜ ይሰጠው፣ በቂ ክፍያም ያግኝ።

ዲጄ ወንድሜ፣ አንተም እባክህ፣ ሁለተኛውን አዝማች እንኳን አስጨርሰን።