«ተረስተው ይቅሩ» ላሉን ሐያሲ

ሰሞኑን አንድ ሐያሲ፣ አሳታሚዎች የተረሱ የድሮ የወንጀል ልቦለዶችን እየፈለጉ ዳግም ማሳተማቸውን «የሬሳ ንግድ» ብለው ሲያወግዙ አነበብኩ። የሚያቀርቡት ምክንያት ሁለት ነው። ጊዜ ወንፊት ነውና የሚረባውን አስቀርቶ የማይረባውን ጥሏል፤ የተረሳው ተረስቶ ይቅር ይላሉ። ደግሞም የወንጀል ልቦለድ ገዳዩ ከታወቀ ያበቃለታልና ሁለተኛ ዕድሜ አያሻውም ባይ ናቸው።

ከሁለተኛው ልነሳ፤ አንድ ግፊት ይበቃዋል። አንቶኒ በርክሊ ፍራንሲስ አይልስ በሚል የብዕር ስም እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው «ማሊስ አፎርቶት»፣ አንድ ሐኪም ሚስቱን ለመግደል መወሰኑን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። ገዳዩም፣ ሊገድላት ያሰባትም ታውቀዋል። በሐያሲው ሒሳብ መጽሐፉ ገና ሳይጀመር አልቋል! አንባቢ ግን ገጹን የሚገልጠው ሰውየው ራሱን እንዴት እየደለለ ወደ ግድያ እንደሚራመድ ለማየት ነው። ንቀቱ ራሱ እንኳ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐያሲ ኤድመንድ ዊልሰን በ1945 «ሮጀር አክሮይድን ማን ቢገድለው ማን ግድ ይለዋል» ብሎ በዘርፉ አንባቢዎች አላግጧል። አክሮይድ የሚገደልበት የአጋታ ክሪስቲ ልቦለድ ግን ዛሬም ይሸጣል።

የወንፊቱ ነገር ግን በዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ጨዋ የሚመስል ስንፍና ነውና። ወንፊቱን የያዘው ማን ነው? ዲሴምበር 29 ቀን 1940 ሌሊት የጀርመን ቦምብ የለንደንን የመጽሐፍ ነጋዴዎች ሰፈር፣ ፓተርኖስተር ሮውን፣ ሲያነደው በሚሊዮን የሚቆጠሩ መጻሕፍት አመድ ሆነዋል። እሳቱ ድንቁን ከተራው እየለየ ነው የበላው? በዚያው ዓመት ወረቀት በራሽን ሆነ። አሳታሚ በእጁ የቀረችውን ወረቀት ለማን ይሰጣል? መቼም ከማይታወቅ ደራሲ ይልቅ ነገ ጠዋት ለሚሸጥለት ስም ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ ያልታተመው አልተነበበም፤ ያልተነበበው አልተጠየቀም፤ ያልተጠየቀው አልታተመም። ሐያሲው ይህን ሁሉ ሰብስበው «ጊዜ ፈረደ» ይሉናል።

ሩዶልፍ ፊሸርን እንውሰድ። የኒውዮርክ ሐኪም ነበር። በ1932 ያሳተመው «ዘ ኮንጁር ማን ዳይስ» ሟቹም፣ ተጠርጣሪዎቹም፣ መርማሪዎቹም ጥቁሮች የሆኑበት፣ በኒውዮርክ የጥቁሮች ሰፈር በሃርለም የሚካሄድ የምርመራ ልቦለድ ነው። በሁለት ዓመቱ፣ ገና በ37 ዓመቱ፣ ሞተ። በዚህ ዘርፍ አንባቢ የሚመለሰው የሚወደውን መርማሪ ፍለጋ ነው፤ ቀጣዩ መጽሐፍ የፊተኛውንም እየጎተተ ያሸጣል። ለፊሸር ቀጣይ የምርመራ ልቦለድ አልነበረውም። የመጽሐፉ ጉድለት የቱ ላይ ነው?

ማርጋሬት ሚላርስ? የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1941፣ ሮስ ማክዶናልድ በሚለው ስም የምናውቀው የባሏ በ1944 ወጣ። በ1956 የአሜሪካ የምስጢር ጸሐፊያን ለምርጥ ልቦለድ የሚሰጡትን የኤድጋር ሽልማት ያገኘችው እሷ ናት። ዓመታት ሲያልፉ ግን የወንጀል ልቦለድ ታላላቆች በተጠሩ ቁጥር የሚነሳው የባሏ ስም ሆነ። ይህ ወንፊት ወንድ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ጃፓን ስንሻገር ነገሩ ጭራሽ ያስቃል። ሴይሺ ዮኮሚዞ «ዘ ሆንጂን መርደርስ»ን በ1946 በመጽሔት አወጣው፤ በ1948 በአገሩ የምስጢር ጸሐፊያን ተሸለመበት፤ አገሩም አልረሳውም። የእንግሊዝኛ አንባቢ እጅ የገባው በ2019 ነው። እስከዚያው ድረስ መጽሐፉ ቶኪዮ ላይ ፍሬ፣ ለንደን ላይ ገለባ ነበር ማለት ነው? የጠፋው ተርጓሚ ነበር።

«አንባቢ አልፈለጋቸውም» ለሚሉት ደግሞ የጀፈርሰን ፋርጀን «ሚስትሪ ኢን ዋይት» ይበቃል። በ1937 የታተመ፣ በበረዶ ተይዞ ከቆመ ባቡር የወረዱ ተሳፋሪዎች ታሪክ ነው። ደራሲው በ1955 ሞተ፤ ስሙም አብሮት ተቀበረ። በ2014 ብሪቲሽ ላይብረሪ ሲያሳትመው በገና ሰሞን ማንም ያልጠበቀው ሽያጭ ሸጠ። በ77 ዓመት ውስጥ ታሪኩን ማንም አላሻሻለውም። የተለወጠው መደርደሪያ ላይ መገኘቱ ብቻ ነው።

አዎ፣ ከሚመለሱት መካከል እንጨት እንጨት የሚሉ አሉ፤ የዘመናቸውን ዘረኝነት ሳያፍሩ የተሸከሙም አሉ። ትናንት የታተሙትስ ሁሉ ሸጋ ናቸው እንዴ?

ከሁሉ ያናደደኝ ሐያሲው ዶረቲ ቢ. ሂዩዝን ከነ«ዘ ኤክስፔንደብል ማን» ከሬሳዎቹ ተርታ ቆጥረው «ገዳዩ ማን ነው ከማለት የማያልፍ» ማለታቸው ነው። በ1963 የወጣ የመጨረሻ ልቦለዷ ነው፤ በ2012 በኒውዮርክ ዳግም ታትሟል። አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ፊኒክስ ሲነዳ መንገድ ዳር የቆመች ልጅ ያሳፍራል፤ ኋላ ልጅቷ ሞታ ትገኛለች፤ ጥርጣሬው እሱ ላይ ያርፋል። ደራሲዋ ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ደብቃብን ትቆይና ወደ ውስጥ ገባ ስንል ስትገልጠው፣ እስከዚያ ያነበብነውን ሁሉ በሌላ ዓይን እንድናየው ታስገድደናለች። ያ ነገር የገዳዩ ማንነት አይደለም፤ ምን እንደሆነ እዚህ አልናገርም። ሐያሲው ስለ መጽሐፉ በጻፉት ውስጥ ግን የዚህ ነገር ጥላው እንኳ የለም፤ መጽሐፉን ከፍቶ ያነበበ ሰው ደግሞ ሊስተው አይችልም።