እርማት፦ ሜካኒካል ኢንጀክሽን ራሱን አያስተካክልም

«የድሮ ፖርሽ 911 ካርቡሬተሩን አውጥተህ ሜካኒካል ኢንጀክሽን ግጠምለት፣ ቤንዚኑን ራሱ ይመጥናል» ላልከው፣ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ካርቡሬተር ቤንዚንን ከአየር ጋር ይቀላቅላል፤ ሜካኒካል ኢንጀክሽን ደግሞ ቤንዚኑን በፓምፕ ገፍቶ ይረጫል። ይህ የቦሽ ፓምፕ ግን ኮምፒውተር የለውም፤ የሚገባውን አየርም አይለካም። ለከፍታና ለሙቀት ትንሽ ማካካሻ አለው እንጂ፣ ዋናው ነገር የነዳጅ መስጫው አረጋገጥና የሞተሩ ዙር ነው። በእነዚህ መሠረት ውስጡ ያለች ጎርበጥባጣ የብረት ካም ልኩን ትወስናለች። ካሟ የተቀረጸችው ግን ለአንድ ዓይነት ሞተር ነው። የ911 ቲ ሞዴልን ፓምፕ 911 ኤስ በተባለው ሞዴል ላይ ብታስር፣ ወይም ካምሻፍቱን (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተውን ዘንግ) ብትቀይር፣ ልኩ ይዛባል። ከዚያማ በደንብ የተስተካከለ ዌበር ካርቡሬተር በስንት ጣዕሙ!

የጉልበቱም ወሬ ተጋኗል። 911 ኤስ በ1969 ሞዴሉ (እ.ኤ.አ.) ወደ ኢንጀክሽን ሲዞር ከ160 ወደ 170 ፈረስ ጉልበት ነው የወጣው።