ማስተካከያ፦ የታገደው ማስገባት እንጂ መንዳት አይደለም

ባለፈው ሳምንት በአዲስ አበባ ዳርቻ ስላለው የኤሌክትሪክ መኪና ገበያ በወጣው ጽሑፍ «የነዳጅ መኪና በመታገዱ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል» የሚል ሰፍሯል። በሚከተለው ይታረም።

በ2016 ዓ.ም. የታገደው የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ነው። ሰሌዳ ይዞ የሚሽከረከረውን ማንም አልከለከለውም፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ጋራዥ ይገባል። በእኛ አገር ደግሞ መኪና በቶሎ አያረጅም፤ እንዲያረጅም አይፈቀድለትም። አሮጌ ቶዮታ ዛሬም ከቱሉ ዲምቱ ሰው ጭኖ ይመላለሳል። ስለዚህ የሁለት ዓመቱ ግምት ተሰርዟል።

«ማታ የተሰካ መኪና ጠዋት ሞልቶ ይገኛል» የሚለውም ማብራሪያ ይሻል። ተራ የቤት ሶኬት በ220 ቮልት 10 አምፔር ቢሰጥ ኃይሉ 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጃል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ወደ 9 ሰዓት ያወርደዋል። ለገጣፎ የራሱ ግቢ ላለው ሰው ይህ ቀላል ነው። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ግን ገመድ በመስኮት ማውረድ (ሲደረግ ይታያል) መፍትሔ ሳይሆን አደጋ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል።

በአንጻሩ በቀን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ለሚነዳ ሰው ባትሪውን በየቀኑ ከባዶ መሙላት አያስፈልገውም፤ መብራት ካልጠፋ በተራው ሶኬት አራት አምስት ሰዓት ይበቃዋል። ስለ መለዋወጫ እጥረት የተጻፈው እንዳለ ይጸናል።