የሰው ወርቅ በበረዶ ላይ

ዴንቨር ነው የምንኖረው። ከኛ ከአበሾቹ መሃል የበረዶ ሆኪ የሚያይ ጥቂት ነው። ልጆቻችን ግን ሌላ ናቸው። ባለፈው የጎረቤቴ ልጅ ሰማያዊ ማሊያ ለብሶ ቡና ላይ መጣ። ደረቱ ላይ ቀይ የበረዶ ጎጆ አለ፣ ከጎኑ የሆኪ ዱላ፤ ሲያዩት ትንሿን የላቲን «n» ይመስላል። ከታች ጠርዙ ላይ ነጫጭ አበቦች ተደርድረዋል። «የኛ የድሮ ማሊያ ነው» አለኝ።

የኛ? ከመቼ ወዲህ?

ልጁ ምን ያድርግ፣ ክለቡ ነው እንዲህ ያስተማረው። የከተማችን የሆኪ ክለብ ኮሎራዶ አቫላንሽ ድሮ በካናዳዋ ኩቤክ ከተማ ኖርዲክ ይባል ነበር፤ ዴንቨር የገባበትን 30ኛ ዓመት ለማክበር በ2025-26 የውድድር ዘመን በተመረጡ ጨዋታዎች የኩቤክ ኖርዲክን ማሊያ እለብሳለሁ አለ። ያውም ከኖርዲክ የድሮ ባላንጣ ከሞንትሪያል ጋር ሲጋጠም ጭምር! ጥሎ የሄደበትን ቀን፣ በተጣለችው ከተማ ልብስ ማክበር። ሚስቱን ፈትቶ ሄዶ፣ በ30 ዓመቱ የሠርጉን ካባ ደርቦ ደጃፏ ላይ የሚንጎራደድ ሰው ታውቃላችሁ?

«ክለቡ አንድ ነው፣ ታሪኩም አብሮት ይሄዳል» ይሉናል። ኧረ ተዉን! በ2024 የአሪዞናው ክለብ የኮዮቲስ ተጫዋቾች ወደ ዩታ ሲሄዱ የክለቡ ስምና ታሪክ አሪዞና ቀረ፤ ዩታ እንደ አዲስ ክለብ ተቆጠረ። ሊጉ፣ ኤንኤችኤል፣ ሲፈልግ ታሪክን ከእግር ይለያል ማለት ነው። እንዲያውም የሊጉ አወላለድም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1917 ሞንትሪያል ዊንዘር ሆቴል የተሰበሰቡት የክለብ ባለቤቶች የቶሮንቶውን ኤዲ ሊቪንግስተንን ማባረር ቢያቅታቸው፣ የድሮውን ሊግ ባዶ ቀፎ ትተውለት አዲስ መሠረቱ። ስም ጥሎ መሄድ የተካኑበት ነገር ነው። ማሊያ ሲሸጥ ብቻ ነው ታሪክ የማይነጣጠለው።

በሕግ አርማው የነሱ ነው፣ እሺ። አበቦቹስ? ከ1948 ጀምሮ የኩቤክ ክፍለ ሀገር ባንዲራ ላይ ያሉት አበቦች እኮ ናቸው! ኖርዲክ ማሊያው ላይ ያሰፋቸው ለጌጥ አልነበረም። ፈረንሳይኛ የሚናገር ከተማ፣ እንግሊዝኛ በሚነግሥበት ሊግ ውስጥ «አለሁ» የሚልበት ልብስ ነበር። ክለቡ በ1995 ተሸጦ ሄደ። በሄደ በዓመቱ፣ በ1996፣ የሊጉን ትልቁን ዋንጫ፣ ስታንሊ ዋንጫን፣ በዴንቨር ስም አነሳ። ኩቤኮች በቴሌቪዥን አዩት። ከዚያ ይመለስልናል ብለው 370 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ የፈጀ አዳራሽ ሠሩ፣ አብዛኛው ከሕዝብ ካዝና። በ2015 ተመረቀ። በቀጣዩ ዓመት ሊጉ አዲሱን ክለብ ለማን ሰጠ? በረሃ ላይ ላለችው ላስ ቬጋስ። ኩቤክ ትቆይ ተባለች፣ ይኸው ቆይታለች። ክለብ የነፈጓትን የኩቤክን ባንዲራ ግን ሱቅ ላይ ሰቅለው ይቸረችሩታል። ዓይን አውጣነት ካልተባለ ምን ይባላል?

«አበባው ምንድን ነው?» አለኝ ልጁ። የሰው ባንዲራ ነው አልኩት። አባቱ ለማሊያው ስንት እንደከፈለ ሲነግረኝ ግን ቡናዬን ጠጥቼ ዝም አልኩ።