ለንደን የተሰራ የፀሐይ ሰዓት ደብረ ማርቆስ ላይ

ስለ ፀሐይ ሰዓት የተለጠፈው ጽሁፍ አሪፍ ነው ግን «የድሮ እንግሊዝ ሰራሽ የነሐስ የፀሐይ ሰዓት ገዝታችሁ ጊቢ ብትተክሉት ሰዓት ይነግራችኋል» የምትለዋ አልተዋጠችልኝም። ጥላ የምትጥለዋ ሰያፍ ብረት ወደ ሰሜን ዞራ ከመሬት የምትነሳበት አንግል ከቦታው ላቲትዩድ (ከምድር ወገብ ያለው ርቀት በዲግሪ) ጋር እኩል መሆን አለበት እኮ፣ ለንደን 51 ዲግሪ ተኩል ነው ደብረ ማርቆስ 10 ምናምን፣ እኛ ጋ ብረቷ ልትተኛ ምንም አይቀራት። የሰዓት መስመሮቹም እንደዛው፣ ለኛ ቢሰራ እኩለ ቀን አካባቢ ያሉት ተጨናንቀው የጠዋትና የማታዎቹ ነው የሚራራቁት።

ቢስተካከልም ከሞባይል ጋር አይገጥምም፣ የሀገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ምስራቅ ኬንትሮስ ስለሆነና ማርቆስ ከዛ በስተምዕራብ ስላለች እዛ ፀሐይ መሀል የምትደርሰው በአማካይ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ እሱም እንደ ወሩ እስከ ሩብ ሰዓት ገደማ ወዲህ ወዲያ ይላል (የድሮ ካህናት ግን ጥላቸውን በእግር ለክተው ቅዳሴ ሲገቡ ይሄ ሁሉ ጣጣ አልነበረባቸውም 😄)። የገዛ ሰው ካለ አይጣለው፣ በደቡብ በኩል 41 ዲግሪ ያህል (የሁለቱን ከተሞች ልዩነት) ከፍ አድርጎ አዘንብሎ ይትከለው ይሰራለታል፣ ክረምት ላይ ግን በጎጃም ደመና ምንም አይጠብቅ