ኧረ እጃችንን ከግድግዳው ላይ እናንሣ!

የባሕር ዳር ልጆች፣ የጎጃም ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አትቀየሙኝ።

በዓል በመጣ ቁጥር ጀልባ ሞልተን በጣና ሐይቅ ላይ ወደ ዘጌ ገዳማት እንሻገራለን። ይሁን፣ ደግ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ ጫማ እናወልቃለን፣ ደጁን እንሳለማለን። ከዚያ መቅደሱ ግድግዳ ፊት ቆመን ጣታችንን የተሣለው መልአክ ዓይን ላይ እንደቅናለን። «ይሄ ማነው? ያኛውስ?» ምነው፣ ከሩቅ ማሳየት አይቻልም? ሥዕሉ እኮ ድንጋይ ላይ የተሣለ አይደለም። ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። የእጃችን ወዝ ቀለሙን ይበላዋል። የጨርቁ ጫፍ አንዴ ከተነሣ ደግሞ እርጥበት ይገባበታል፤ ከዚያ ወዲያ መላላጡን የሚያቆመው የለም። ጧፍ አብርቶ የሚጠጋውማ ጥላሸት ያለብሰዋል። እሳት ቢይዘውስ? እንጨትና ጨርቅ ነው!

በሚስማር ስሙን ከነፍቅረኛው የሚጭረውን ምን እንበለው? በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ማበላሸት ያስቀጣል። ግን አጠገቡ የቆምነው ዝም ካልን አዋጁ ብቻውን ምን ያደርጋል? ቁልፍ የያዙት አባትስ ስንቱን ይጠብቁ!

ዘጌዎች የጥንቱን ጻድቅ የአቡነ በትረ ማርያምን ቃል አክብረው መሬቱን በበሬ ሳያርሱ ኖረዋል። ቡናው ከነጥላው፣ ደኑ ከነወፉ ያለው በዚህ ነው። እኛ አንድ ባዶ ሃይላንድ ይዘን መመለስ አቃተን። እምቦጭ ጣናን ሲወር ሆ ብለን ወጥተን በእጃችን ነቅለናል፣ ገንዘብ አዋጥተናል። ፕላስቲኩን ግን ራሳችን ከጀልባ ላይ እንወረውራለን። በ2007 ዓ.ም. ሐይቁ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ደስታውን ያልተጋራ ማን ነበር?

ደግሞ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ስንቶቻችን አይተናል? የነገሥታት አፅም ያረፈበትን ዳጋ እስጢፋኖስንስ? (ወንዶቹን ነው የምጠይቀው፤ ሴት አይገባበትም።) አስጎብኚው ፈረንጅ ጭኖ ይሄዳል፣ እኛ ሐይቁ ዳር ዓሣ ጥብሳችንን እያጣጣምን እንሸኘዋለን።

እንግዲህ በሚቀጥለው ስትሻገሩ ለቆሻሻ የሚሆን ፌስታል ያዙ። የካሜራችሁን ፍላሽ አጥፉ። ልጆቻችሁን ከግድግዳው አርቁ። ሚስማር ያወጣ ጎረምሳ ካያችሁም እጁን ያዙት። ይቆጣ ይሆናል። ይቆጣ!